ለጓሳና ለወፍ ዋሻ ጉዞ የሳተላይት መልእክት መላኪያ፦ የቱን ላስመጣ?

ቀይቀበሮ፦

ሰላም ለቤቱ። አንድ ነገር ላማክራችሁ።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እንጀራዬ እንግዳ ይዞ በእግር መሄድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መንዝ ጓሳ ነኝ። አንዳንዴ ወፍ ዋሻ ደን እገባለሁ። ወፍ ለማየት የሚመጡ ካሉ ደግሞ ወደ ጀማ ሸለቆ እንወርዳለን። ወንድሜ አሜሪካ ነው ያለው፤ ለገና ይመጣል። "የሳተላይት መልእክት መላኪያ ላምጣልህ፣ አንተ ስሙን ብቻ ንገረኝ" ብሎኛል።

ስሙን ልፈልግ ኢንተርኔት ላይ ብገባ የማገኘው ሁሉ የአሜሪካ አዳኞች ክርክር ነው። ኤልክ ለማደን ተራራ ላይ ይከርማሉ፤ የቱ ይቀላል፣ የቱ ባትሪ ይችላል እያሉ ይነታረካሉ። እኔ አዳኝ አይደለሁም። ጓሳ ላይ ማደን ክልክል ነው፤ እኔም የምተኩሰው በካሜራ ብቻ ነው። ችግራችን ግን አንድ ይመስለኛል። ስልክ የማይሠራበት ትገባለህ፣ አንዱ እግሩ ይዞርበታል፣ ከዚያ በኋላ እግዜር ይሁንህ።

ጓሳን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጠርዙ ላይ ቆመህ ቁልቁል ወደ ይፋት ስታይ ኔትወርክ ብቅ ይላል። ሣሩ መሀል ወዳለው ረባዳ ስትወርድ ድርግም ነው። ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ ሲመጣ ደግሞ ፊት ፊትህ የሚሄደውን ሰው ታጣዋለህ። ባለፈው በጋ አንድ በዕድሜ ገፋ ያሉ እንግዳ ትንፋሽ አጠራቸው። ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ቀልድ አይደለም። ስካውታችን፣ ማለት አብሮን የሚሄደው የጓሳ ጠባቂ፣ ኔትወርክ ፍለጋ ሽቅብ ሮጠ። እኔ ሰውዬውን ደግፌ ተቀመጥኩ። ደግነቱ ዐረፍ ሲሉ ለቀቃቸው። እንዲህማ አይቀጥልም ያልኩት ያኔ ነው።

ያየኋቸው ጋርሚን ኢንሪች ሚኒ 2፣ ዞሊዮ እና ስፖት የሚባሉትን ነው። አንድ እንግዳዬ ደግሞ "አይፎን 14 ካለህ ሌላው ምን ያደርግልሃል?" አለኝ። እውነት ነው? ወንድሜ እስከ 400 ዶላር እችላለሁ ብሏል። ወርሃዊው ግን በእኔ ነው። የምታውቁ እስኪ በሉ።


ዴንቨር ያለሁ መንዜ፦

ወንድሜ፣ እኔ የመሐል ሜዳ ልጅ ነኝ። ኮሎራዶ ከገባሁ ቆይቻለሁ። ያነበብከው ንትርክ ውስጥ አንዱ ተነታራኪ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

በየመኸሩ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ሳን ሁዋን ተራሮች ላይ ኤልክ እናድናለን። ኤልክ አጋዘን የሚመስል፣ ወንዱ በክብደት ከበሬ የማይተናነስ እንስሳ ነው። ጣጣው የሚጀምረው ከጣልከው በኋላ ነው። ሥጋውን በየብልቱ አውጥተህ በጀርባህ ተሸክመህ፣ በጨለማ፣ የወደቀ ግንድ እየዘለልክ ወደ መኪናህ ትመላለሳለህ። ሰው የሚጎዳው በዚህ ሰዓት ነው። ደክሞታል፣ ተጣድፏል፣ ሸክሙ ሚዛኑን ያሳጣዋል። ለዚህ ነው አዳኞቹ ስለዚህች ዕቃ ሲከራከሩ የሚያድሩት።

ወደ ጥያቄህ። አይፎኑን እርሳው። 14ም ይሁን ከዚያ ወዲህ የወጣ፣ በሳተላይት የአደጋ ጥሪ የሚያደርገው አፕል አገልግሎቱን በከፈተባቸው አገሮች ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ከእነሱ ውስጥ የለችም። እንግዳህ የተናገረው አገሩ ላይ ያየውን ነው።

ስፖትንም እርሳው። የሚሠራው ግሎባልስታር በሚባል የሳተላይት መረብ ነው። የግሎባልስታር ሳተላይት የአንተን መልእክት የሚያወርደው በአካባቢው ወዳለ የመሬት ጣቢያ ነው። አንተንም ጣቢያውንም በአንድ ጊዜ ካላየ የላክኸው የትም አይደርስም። የሽፋን ካርታቸውን ክፈትና የእኛን ቀጣና ተመልከት፤ ይገባሃል። እዚህ ርካሽ ስለሆነ ይወደዳል። ለመንዝ ግን ገንዘብ መጣል ነው።

ጋርሚንና ዞሊዮ ሁለቱም ኢሪዲየም የሚባለውን የሳተላይት መረብ ነው የሚጠቀሙት። 66 ሳተላይቶች በ780 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ምድርን ይዞራሉ። መልእክቱን እዚያው ሰማይ ላይ አንዱ ለሌላው ያቀብለዋል። ስለዚህ አጠገብህ ጣቢያ መኖር የለበትም። ከዋልታ እስከ ዋልታ ሰማይ የሚታይበት ቦታ ሁሉ ይሠራል፣ ጓሳም ጭምር።

ዞሊዮ 150 ግራም ነው፣ ዋጋውም ከጋርሚኑ ያነሰ ነው። ነገር ግን የራሱ መጻፊያ የለውም። የምትጽፈው ከስልክህ ጋር አገናኝተህ ነው። ስልክህ ከሞተ የሚቀርህ "ደህና ነኝ" የሚለው ቁልፍና የኤስ ኦ ኤስ፣ ማለት የአደጋ ጥሪ፣ ቁልፉ ብቻ ነው። ኢንሪች ሚኒ 2 100 ግራም ናት። ትንሽዬ መስኮት አላት። ስልክ ባይኖርም ፊደል እየለቀምክ ትጽፋለህ፣ የመጣልህንም ታነባለህ። ፊደል መልቀሙ ያሰለቻል፣ በተለይ ጣት ሲደነዝዝ። ግን ይሠራል። አምራቹ እንደሚለው ክፍት ሰማይ ላይ በየ10 ደቂቃው ያለህበትን እየላከች እስከ 14 ቀን ትቆያለች። እኔ ቦርሳዬ ማንገቻ ላይ ነው የማንጠለጥላት፣ አንቴናዋ ወደ ሰማይ። ኪስ ውስጥ ከከተትካት የራስህ ሰውነት ይጋርዳታል።

በ2022 (እ.ኤ.አ.) ስትወጣ 400 ዶላር ገደማ ነበረች፤ ለወንድምህ በጀት ልክ ነች። ሚኒ 2 በለውና ተገላገል።

ጨዋታ ካልጠላህ አንድ ልጨምር። እዚህ የአደን ፈቃድ ስታወጣ ከክፍያው ላይ ጥቂት ሳንቲም ለነፍስ አድን ፈንድ ትሄዳለች። የኤስ ኦ ኤስ ቁልፉን ስትጫን ጉዳዩ የካውንቲው ሸሪፍ፣ የወረዳ ፖሊስ አለቃ እንደማለት ነው፣ ዘንድ ይደርሳል። በጎ ፈቃደኞች ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ይመጣሉ። አላስካ ውስጥ ደግሞ በሳተላይት ስልክ እየተጠራሩ አውሬ ማደን ራሱ ክልክል ነው። ዕቃዋ ለነፍስ ማዳን እንጂ ለማጥፋት አይደለችም እንደማለት ነው።


ጣርማበር፦

ይቅርታ አድርጉልኝና 400 ዶላር ስንት በግ እንደሚገዛ አስባችሁታል? በዚያ ላይ የየወሩ ክፍያ አለ። ጠርዙ ላይ ኔትወርክ አለ ብለሃል። ሁለት ሲም ያዝ፣ አንዱን የኢትዮ ቴሌኮም፣ አንዱን የሳፋሪኮም። ጥሩ ፓወር ባንክ ያዝ። ፊሽካ ያዝ። ስካውቶቹ የጓሳን ጠጠር ሳይቀር ያውቃሉ። አባቶቻችን ከጋራ ጋራ እየተጣሩ ነው የኖሩት። የቱ ሳተላይት ነው ከመንዝ ጎረምሳ ቀድሞ የሚደርሰው?


የሰላ ድንጋይ ልጅ፦

ሁላችሁም የተናገራችሁት ስለ ላኪው ነው። እኔ ተቀባይ ነኝ። ደብረ ብርሃን ቢሮ ቁጭ ብዬ መስክ የወጡ የጥናት ቡድኖችን መልእክት መቀበል ለዓመታት ሥራዬ ነበር። መንዝ ይሁኑ መርሐቤቴ ወይም አንኮበር፣ ማታ ማታ የሚያገኙት እኔን ነው። ከዚህ ወንበር የሚታየውን ልንገርህ።

መጀመሪያ ፈቃድ። ወንድምህ ዕቃውን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ እንዳይመጣ። አዋጅ ቁጥር 761/2004ን አንብበው። የቴሌኮም መሣሪያ ያለ ፈቃድ ማስገባት ብቻ ሳይሆን ይዞ መገኘትም በእስር ያስቀጣል። "ትንሽ ናት፣ ድምፅ አታወራም" ብለህ አትከራከርም። ከሳተላይት ጋር የምትነጋገር ዕቃ ናት፣ አለቀ። አሁን የዘርፉ ተቆጣጣሪ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የዕቃውን ዓይነት፣ ሞዴሉንና መለያ ቁጥሩን፣ ለምን እንደምትፈልገውም ጽፈህ ቀድመህ ጠይቅ። ከግል ስም ይልቅ በማኅበር ወይም ፈቃድ ባለው አስጎብኚ ድርጅት ስም ብትጠይቅ ጥያቄህ ክብደት ይኖረዋል። ማኅተም ያለበት መልስ ሳይመጣ ዕቃው ከአሜሪካ አይነሣ። ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ህንድ ውስጥ ይህንኑ ኢንሪች ይዘው የተያዙ የውጭ አገር መንገደኞች አሉ።

እንግዶችህንም ጠይቃቸው። ብዙ ተራራ የሚወጣ ፈረንጅ ይህችን ዕቃ ቦርሳው ላይ አንጠልጥሎ ነው የሚመጣው። የአገሩ ሱቅ ውስጥ እንደ ባትሪ ድንጋይ ስለምትሸጥ ፈቃድ ያስፈልጋታል ብሎ አያስብም። ገና ቦታ ሲይዙ በኢሜል ንገራቸው።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላም ወረቀቱ ከዕቃው አይለይ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ያለውን የአካባቢያችንን ሁኔታ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንቴና ያላት፣ መብራት ብልጭ ድርግም የምትል ነገር ትከሻህ ላይ ከታየች ኬላ ላይ የምትጠየቀው ስለ ወፍ አይሆንም። ፎቶው ስልኬ ውስጥ አለ ማለት አይበቃም፤ ዋናውን ያዝ። መንገዱ ደህና አይደለም ከተባለ ደግሞ በቃ፣ አይኬድም።

አሁን ወደ ኤስ ኦ ኤሱ። ዴንቨር ያለኸው ወንድሜ፣ አንተ ቁልፉን ስትጫን ሸሪፍ ይሰማል። እዚህስ? ጋርሚን ላይ የተጫንከው ጥሪ ቴክሳስ ያለው ማዕከላቸው ይደርሳል። ሌት ተቀን ሰው አለ፣ ሥራቸውንም ያውቃሉ። ግን ከዚያ የሚያደርጉት መደወል ነው፤ ለአደጋ ጊዜ ብለህ ላስመዘገብከው ሰውና ለአገሩ ባለሥልጣን። ሰሜን ሸዋ ላይ ሄሊኮፕተር ተነሥቶ ይመጣል ብለህ አትቁጠር። የሚመጣው ቃሬዛ የያዘ ጎረምሳ ነው። ጣርማበር እዚህ ላይ ልክ ነው። ጎረምሳውን ማን ይጠራዋል ነው ጥያቄው።

ስለዚህ የምታስመዘግበው ስልክ የወንድምህ አይሁን። ከቴክሳስ ለእሱ ይደወላል። እሱ ደንግጦ ለእናትህ ይደውላል። እናትህ እሪ ብለው ሰፈሩን ያስነሣሉ። ጓሳ ላይ ግን የሰማ የለም። አንደኛው ተጠሪ ሌሊት ስልኩን የማያጠፋ፣ ደብረ ብርሃን ወይም መሐል ሜዳ የሚኖር፣ በእንግሊዝኛ መነጋገር የሚችል፣ የስካውቶቹን ቁጥር የያዘ ሰው ይሁን።

እኔ አንድ ደብተር ነበረኝ፤ ዛሬም አለ። በየመንገዱ የተከፋፈለ ነው። ጓሳ የሚለው ገጽ ላይ የስካውቶቹ አለቃ፣ ከታች ያሉት ቀበሌዎች ሰዎች፣ በቅሎ የሚያከራይ ሰው፣ መሐል ሜዳ ሆስፒታል፣ መኪና ያለው ሹፌር አሉ። የሹፌሩ ቁጥር ተሰርዞ ተሰርዞ አሁን ያለው ኅዳጉ ላይ ነው፤ ሹፌር ሲም መቀያየር ይወዳል። 907 ቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 991 ፖሊስ፣ ከላይ በቀይ እስክሪብቶ። አምቡላንስ የሚደርሰው መንገድ ያለበት ድረስ ነው። እስከዚያ ያለው በትከሻ ነው።

አንድ ጊዜ ከጓሳ ጠርዝ በታች የወረደ ቡድን ነበረን። መሸት ሲል መልእክት ገባ። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፦ አንዱ ልጅ ወድቋል፣ እግሩ ተሰብሯል፣ መራመድ አይችልም። ከሥር ያሉበት ቦታ በቁጥር አለ። ለስካውቱ ደወልኩና "ዐሥር ነጥብ..." ብዬ ማንበብ ስጀምር አቋረጠኝ። "እቴ፣ ቁጥሩን ተይውና ምን አጠገብ ናቸው?" አለኝ። እውነቱን ነው። እሱ አገሩን የሚያውቀው በጅብራው፣ በምንጩ፣ በበረቱ ነው። መልሼ ጻፍኩላቸው፦ ከተቀመጣችሁበት ምን ይታያል? እስኪመልሱ ሻይ አፈላሁ። ከገደል ሥር ሲሆን ይዘገያል። ቆይቶ መጣ፦ "ከላይ ሦስት ጅብራ፣ በግራ የፈረሰ የድንጋይ በረት፣ ውኃ ይሰማል።" ይህን ሳነብለት የቦታውን ስም ወዲያው ጠራው። "በላይ በኩል በሌሊት አይወረድም፣ በታች ነው የምንገባው" አለና ከታች ካለው መንደር ሰው አስነሣ። ሁለት እንጨት ላይ በርኖስ ጠፍረው፣ እየተፈራረቁ ተሸክመውት ወጡ። ሲነጋጋ መኪናው መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር።

ያን ማታ የያዙት መላክ ብቻ የሚችል መሣሪያ ቢሆን ኖሮ "ምን ይታያል?" ብዬ መጠየቅ አልችልም ነበር። ስፖት ጄን 4 እንደዚያ ነው። ፒ.ኤል.ቢ. የሚባለው፣ የአደጋ ምልክት ብቻ የሚልከው መሣሪያም፣ እንደዚያው። ፒ.ኤል.ቢ. ወርሃዊ ክፍያ የለውም፣ ባትሪው ሳይነካ ለዓመታት ይቀመጣል፣ ሲከፈት በ406 ሜጋኸርዝ ኮስፓስ ሳርሳት ለሚባሉት ዓለም አቀፍ የነፍስ አድን ሳተላይቶች ይጮሃል። ለመርከበኛ ድንቅ ነው። የተደራጀ ነፍስ አድን ባለበት አገር ላለ አዳኝም ጥሩ ነው። እኛ ጋ ግን ጩኸቱን የሰማው ሰው መልሶ የሚጠይቀው ጥያቄ አለው። ስለዚህ የሚልክም የሚቀበልም፣ ያለ ስልክም የሚጻፍበት ይሁን። በዚህ ከሄድን ዴንቨሩ እንዳለው ሚኒ 2 ናት። ዞሊዮም ስልክህን ጠብቀህ ከያዝክ ይሆናል። የጓሳ ብርድ ግን ስልክ ይገድላል።

የማታ ሰዓት ቁረጥ። የእኛ 12 ሰዓት ነበር። እስከ 2 ሰዓት ካልመጣ አልደነግጥም፣ በተለይ ጀማ ከሆኑ። አንድ የኢሪዲየም ሳተላይት ከአድማስ እስከ አድማስ የሚያልፈው በ10 ደቂቃ ገደማ ነው። ጓሳ ላይ ሰማዩ ሰፊ ስለሆነ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይተካል። ጀማ ውስጥ ግራና ቀኙ ገደል ነው፤ ሳተላይቱ ብቅ ብሎ ይሰወራል፣ መልእክቱም ተንጠልጥሎ ይቆያል። ዕቃዋን ገላጣ ድንጋይ ላይ አስቀምጠህ ራትህን ሥራ፤ በእጅህ ይዘህ አትንቆራጠጥ። ጠዋት 1 ሰዓት ድረስ ዝም ካላችሁ ስካውት ይነሣል ብላችሁ ቀድማችሁ ተስማሙ። ያለዚያ ተቀባዩ በየማታው ልቡ ይወልቃል።

ለጀማ ብቻ ብዬ የማነሣው ቱራያ የሚባለውን የሳተላይት ስልክ ነው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ አንድ ቦታ የቆመ ስለሆነ ከእኛ ሲታይ አናት ላይ ሊሆን ምንም አይቀረው። ገደሉ አይጋርደውም፣ ድምፅም ያወራል። ግን ሙሉ ስልክ ነው፤ በዋጋም በክብደትም ከፍ ይላል። ለአንድ አስጎብኚ አልመክረውም።

ሚኒ 2 ላይ ሦስት ቀድመህ የምታዘጋጃቸው መልእክቶች አሉ። ቤትህ ሆነህ ሙላቸው። በራሳችን ፊደል የተጻፈ ተራ የስልክ መልእክት አንዱ 70 ሆሄ ነው የሚይዘው፣ በላቲን 160፤ ስለዚህ በላቲን ጻፈው፣ አያምርም ግን ይበቃል። የእኛ እነዚህ ነበሩ፦ "ደህና ነን፣ እዚሁ እናድራለን።" "ዘግይተናል፣ አትጨነቁ።" "ችግር አለ፣ ለሕይወት አያሰጋም፣ ጻፉልን።" ሦስተኛዋ ናት ወርቋ። ኤስ ኦ ኤስ ሳይነካ በእሷ የሚያልቅ ጉዳይ ብዙ ነው።


ነርሷ ከደብረ ሲና፦

የሰላ ድንጋይ ልጅ ያለችው ላይ ትንሽ ልጨምር። ስለ ሰውዬው ትንፋሽ ማጠር ያነሣኸው አሳስቦኛል። ከፍታ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥምህ የምትልከው መልእክት "ታሟል" ብቻ ከሆነ ማንም አይረዳህም። ዕድሜው ስንት ነው፣ ዐርፎ ተቀምጦም ትንፋሽ ያጥረዋል ወይ፣ ቀጥ ብሎ ይራመዳል ወይ፣ ንግግሩ የተስተካከለ ነው ወይ፣ ምን መድኃኒት ይወስዳል። ይህን አንድ መልእክት ላይ ማስገባት ይቻላል።

ተቀምጦም የሚያለከልክ ከሆነ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ወይም እንደሰከረ ሰው ከተንገዳገደ ግን መልስ እየጠበቅህ አትቀመጥ። የከፍታ ሕመም መድኃኒቱ መውረድ ነው። እየላክህ አውርደው።


ቀይቀበሮ፦

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሲስተርም ተባረኪ። ለወንድሜ አሁኑኑ "እንዳትገዛ፣ ቆይ" ብዬ ጻፍኩለት። ደብዳቤውን በአስጎብኚዎች ማኅበራችን ስም አዘጋጃለሁ። ሊቀመንበራችን መጻፍ አይወድም፣ ግን እኔ ጽፌ አስፈርመዋለሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ወፍ ዋሻ ውስጥ ጽዱና ዝግባው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ በቅጠል ሥር ይሠራል? ሁለተኛ፣ ወርሃዊውን እኔ እከፍላለሁ ብያለሁ እንጂ የዶላር ካርድ የለኝም። እንዴት ይሆናል?


ዴንቨር ያለሁ መንዜ፦

እትዬ የሰላ ድንጋይ፣ አፌን አስያዙኝ። የፈቃዱን ነገር እኔ ከዚህ ሆኜ መች አስቤው።

ስለ ዛፉ፦ ይዘገያል እንጂ ፈጽሞ አይዘጋም። በተለይ ቅጠሉ ዝናብ ሲጠጣ ይብሳል። የወደቀ ዛፍ የከፈተው ቦታ ወይም ወንዝ ዳር ፈልግ። እዚህ ጥቅጥቅ ያለ ጥድ ሥር ስንሆን እንደዚያ ነው የምናደርገው። ጉዞውን ስታቅድ ማታ የምታድርበትን ገላጣ ቦታ መምረጥ ነው።

ስለ ክፍያው፦ አካውንቱን ወንድምህ በካርዱ ይክፈት፣ አንተ በብር ተካካሱ። ግን ሁለት ነገር ልብ በል። የአደጋ ጊዜ ተጠሪውን እትዬ እንዳሉት ያድርገው፤ አካውንቱ በእሱ ስም ስለሆነ ብቻ ራሱን እንዳይጽፍ። ሌላው፣ ክፍያው ከተቋረጠ ኤስ ኦ ኤሱም አብሮ ይሞታል። ቁልፉ አለ፣ መብራቷም ትበራለች፣ የሚሰማ ግን የለም። ክረምት ሥራ ሲቀዘቅዝ ማቋረጥ ትችላለህ። መስከረም ላይ ከመውጣትህ በፊት መልሰህ ማስነሣትህን አትርሳ። ከዚያ ቤትህ ደጃፍ ላይ ቆመህ ለተጠሪህ አንድ የሙከራ መልእክት ላክ፣ መልሱም መምጣቱን እይ። ኤስ ኦ ኤሱን ግን ለሙከራ እንዳትጫን።


የሰላ ድንጋይ ልጅ፦

አንድ ረስቼ። ኅዳርና ታኅሣሥ ጓሳ ላይ ውርጭ ነው። ኢንሪች ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ አትቀበልም። ሌሊት ከአንተ ጋር ብርድ ልብስ ውስጥ ትደር፣ ፓወር ባንኩም። ድንኳን በር ላይ ያደረች ዕቃ ላይ ጠዋት ገመድ ሰክተህ "ተበላሸች" እንዳትለኝ።

የእንግዶቹን የጉዞ ኢንሹራንስ ስምና ቁጥርም ከመውጣትህ በፊት ለተጠሪህ ስጥ። ቦርሳቸው ውስጥ ያለ ወረቀት ለእኔ አይታየኝም።


ጣርማበር፦

እኔ አሁንም ሁለት ሲም ያዝ ነው የምለው። የደብተሩ ነገር ግን ተመችቶኛል። ሞላሌ በኩል በቅሎ የሚያከራይ ሰው አውቃለሁ፣ ሌሊትም ቢሆን ስልክ ያነሣል። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።


የሰላ ድንጋይ ልጅ፦

ጣርማበር፣ ለእኔም ላክልኝ። ሞላሌ በኩል ያለው ገጼ ባዶ ነው።


ቀይቀበሮ፦

ይህን ሁሉ ሳነብ አንድ ጓደኛዬ ደወለልኝ። አዲስ አበባ ያገለገለች ኢንሪች ሚኒ የሚሸጥ ሰው አለ አለኝ፣ በብር። ወንድሜን ከምጠብቅ ይህቺን ባያትስ?


ዴንቨር ያለሁ መንዜ፦

መጀመሪያ የመለያ ቁጥሯን ጠይቀው። የቀድሞው ባለቤት ከራሱ አካውንት ላይ ካላወጣት ወንድምህ በስሙ ሊያስመዘግባት አይችልም፤ ብር ከፍለህ ብረት ነው የምትይዘው። ሻጩ አካውንቱን ከፍቶ ዓይንህ እያየ ይሰርዛት፣ ወንድምህም እዚያው በቪዲዮ ሆኖ ያስመዝግባት። ከዚያ ነው ብር የምትቆጥረው።


የሰላ ድንጋይ ልጅ፦

ከዚያም በፊት በምን ፈቃድ እንደገባች ወረቀቱን ያሳይህ። "የሆነ ቦታ አስቀምጬዋለሁ" ካለህ ሰላም ብለህ ስልኩን ዝጋ።